ደም ሥር ለምን ይጠባል? ብለው የጠየቁት የዶክተር በየነች አዲሱ ሕይወት

ዶክተር በየነች አዲሱ ከአባታቸው ከአቶ አዲሱ አንዶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሚ ጋዎ በሸካ፣ በጌጫ ከተማ አጠገብ በምትገኝ መንደር ጥቅምት 9 ቀን 1961 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር የሚቆርጡ፣ እንሰትና ባቄላ የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ። እናታቸው ማሩን ጌጫ ገበያ አውጥተው ይሸጡ ነበር። ከበየነች በኋላ የተወለዱት ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ ለብዙ ጊዜ ብቸኛ ልጅ ሆነው አደጉ።

የሚያውቋቸው ሁሉ እንደሚመሰክሩት ጥያቄ የሚያበዙ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ማር ሊቆርጡ ሲሄዱ ይከተሉና ንብ በክረምት ምን እንደምትበላ፣ ጭስ ለምን እንደሚያረጋጋት ይጠይቃሉ። አቶ አዲሱ የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ የማያውቁትን ደግሞ «እሱን አላውቅም ልጄ» ይሏቸዋል። ዶክተር በየነች ለተማሪዎቻቸው «አላውቅም ማለትን የተማርኩት ከአባቴ ነው» ሲሉ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል።

ሰኔ 1973 ዓ.ም. ወይዘሮ ሎሚ ጠዋት ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ራሳቸውን አጥብቆ አመማቸው፣ ዓይናቸው ጨለመባቸው፣ ቀጥሎም ሰውነታቸው ይንዘፈዘፍ ጀመር። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ማሻ ይዟቸው ተነሣ፤ ነገር ግን ከጌጫ ብዙም ሳይርቁ አረፉ። አንዳንዱ መንፈስ ነው አለ፤ አንዳንዱ ዓይን ነው አለ። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበሩት በየነች ሕፃኗን እንደታቀፉ ቃሬዛው የእናታቸውን አስከሬን ይዞ ሲመለስ አዩ። ያቺ ሕፃን ዛሬ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ሜሪ ናት።

በየነች ሜሪን የላም ወተት በውኃ እያቀጠኑ፣ የሚያጠቡ ጎረቤቶችን ደጅ እየዞሩ አሳደጓት። ትምህርታቸውንም አላቋረጡም። አዝለዋት ወደ ጌጫ ትምህርት ቤት በሄዱ ጊዜ አስተማሪያቸው በሩ ላይ አስቁመው፣ «ካለቀሰች ትወጫለሽ» አሏቸው። በየነችም «እሺ፣ ካለቀሰች ሁለታችንም እንወጣለን» ብለው ገቡ። ሜሪ ብዙ ጊዜ አልቅሳለች ይባላል፤ አስተማሪው ግን አንድም ቀን አላስወጧቸውም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ማሻ ሲከታተሉ እህታቸውን ከአባታቸው ጋር ትተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር ወደ ጌጫ እየተመለሱ ፀጉሯን ይሠሩላት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ካጠናቀቁ በኋላ ጅማ ገብተው በነርስነት ሙያ ሠለጠኑ፤ በ1982 ዓ.ም. ማሻ ተመድበው ሥራ ጀመሩ። በሁለተኛው ዓመት በቃሬዛ የመጣች አንዲት ወላድ እጃቸው ላይ እየተንዘፈዘፈች አረፈች። ነርስ በየነች የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ከሟቿ ክንድ ሳይፈቱ ቆመው ቀሩ። ግፊቷ የመለኪያው መርፌ ሊያሳይ ከሚችለው በላይ ወጥቶ ነበር። እናታቸው እንዴት እንደሞቱ ያን ቀን እንደገባቸው ለቤተሰባቸው ነግረዋል። መንፈስም ዓይንም አልነበረም። ማሻ ለጉብኝት የመጡትን አንድ አንጋፋ ሐኪም ተከትለው፣

«ዶክተር፣ ግፊቷ ለምን እንዲህ ወጣ?» ብለው ጠየቁ።

«ደም ሥሯ ስለጠበበ ነዋ።»

«ለምን ጠበበ?»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡና፣ «እሱን ገና በደንብ አናውቀውም። የቻልሽ እንደሆነ ተምረሽ አንቺ ንገሪን» አሏቸው። የተናገሩት ለማፌዝ አልነበረም፤ በየነችም እንደ ፌዝ አልሰሙትም።

በ1985 ዓ.ም. ወደ ቴፒ ተዛወሩ። በዚያም በቡና ችግኝ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት አቶ ታምሩ ገብሬ በመጋዝ የቆሰለ እጃቸውን ሊያሳዩ መጡ። ቁስሉ ተሰፋ፣ ዳነ። አቶ ታምሩ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም።

«አቶ ታምሩ፣ እጅዎ እኮ ከዳነ ቆየ።»

«አውቃለሁ» አሉ እሳቸውም፤ «እኔ ነኝ ያልዳንኩት።»

ይህን ወሬ የቴፒ ሰው ለረጅም ጊዜ ስቆበታል። ሁለቱም በ1986 ዓ.ም. በቴፒ በቤተ ክርስቲያናቸው ቃል ኪዳን ገብተው ጎጇቸውን ቀለሱ። እህታቸው ሜሪም አብራቸው ኖረች። እግዚአብሔርም በ1988 ዓ.ም. ማራናታን፣ በ1991 ዓ.ም. ብሩህን ሰጣቸው።

ዶክተር በየነች ማራናታን ሲያረግዙ የእሳቸውም የደም ግፊት ከፍ ብሎ ነበር። እግራቸው አብጦ፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ጅማ ተኝተው በመታከም ተገላገሉ። በሕይወት መትረፋቸውን ሁልጊዜ እንደ ተጨማሪ ዕድሜ ይቆጥሩት ነበር። ግፊቱ ግን ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም።

ከዚያም ልጆቻቸውን እያሳደጉ ጅማ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ በሚያጠናው በፊዚዮሎጂ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። በ2002 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ሚዛን ተዛውሮ፣ እሳቸውም በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ሥራ ጀመሩ። በ2005 ዓ.ም. ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። ያን ጊዜ የአርባ አራት ዓመት ሴት ነበሩ፤ አብረዋቸው የሚማሩት ከእሳቸው ልጅ ብዙም የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩ።

እዚያ ያጠኑትን ነገር ለቤተሰባቸው ሲያስረዱ እንዲህ ይሉ ነበር። ደም ሥርን የሚከበው ጡንቻ ለስላሳ ጡንቻ ይባላል፤ እንደ ክንድ ጡንቻ እኛ አናዘውም፣ በራሱ ይሠራል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም ተቀምጧል። የተቀመጠው ካልሲየም ሲለቀቅ ጡንቻው ይጨብጣል፣ ደም ሥሩም ይጠባል፤ ካልሲየሙ ወደ ቦታው ሲመለስ ይላላል። ካልሲየሙን ልቀቁ ብለው ከሚያዙት አንዱ አንጂዮቴንሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን በደም መጥቶ ከሕዋሱ ውጭ ባለው ተቀባይ ላይ እንደሚያርፍ በመጽሐፍ ሁሉ ተጽፏል። ነገር ግን ሆርሞኑ በሕዋሱ ውስጥም ይገኛል። ታዲያ ውስጥ ያለው ዝም ብሎ ተቀምጧል ወይስ እሱም ካልሲየሙን ያዛል? ዶክተር በየነች የጠየቁት ይህን ነበር። ሆርሞኑ ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ከሆነ፣ ከውጭ ያለውን ተቀባይ ብቻ የሚዘጋ መድኃኒት የማይደርስበት ግፊት አለ ማለት ነው።

ሥራው ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ ሆርሞኑን ወደ አንዲት ሕዋስ መጨመር፣ ካልሲየም ሲለቀቅ የሚያበራ ቀለምም ተጠቅሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። መጀመሪያ የተሳካላቸው ቀን ለባለቤታቸው ደውለው፣ «ታምሩ፣ በራች! ሕዋሷ በራች!» እያሉ አለቀሱ። አቶ ታምሩ ምን እንደበራ ባይገባቸውም አብረው አለቀሱ። ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ትልቅ ነበር። መምህራቸው ተደሰቱ፤ ጽሑፉ ተዘጋጀ፤ የመመረቂያው ጊዜም ተቆረጠ።

ዶክተር በየነች ግን በመርፌው ጫፍ ላይ ልባቸው አልረጋም። ሆርሞኑ ወደ ውስጥ ሲገባ ጥቂቱ ወደ ውጭ ቢያፈስስስ? ያ ብርሃን የመጣው እንደ ወትሮው ከውጭ ባለው ተቀባይ በኩል ቢሆንስ? መምህራቸው፣ «ይህን የጠየቀሽ ሰው የለም። ልጆችሽ እየጠበቁሽ ነው፤ አስረክቢና ወደ ቤትሽ ግቢ» አሏቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አዝነውላቸው ነው። ዶክተር በየነችም ስልክ አንስተው ወደ ሚዛን ደወሉ።

«ታምሩ፣ ያየሁት ነገር እውነት መሆኑን አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ምን ማድረግ አለብሽ?»

«ሁሉንም እንደገና መሥራት። ምናልባት ዓመት ይፈጃል።»

 የአቶ ታምሩ አማት አቶ አዲሱ ጌጫ ታመው ተኝተዋል። ብሩህ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ከእናቱ ቁመት አልፏል። «እኛ እዚሁ ነን» አሉ አቶ ታምሩ፤ «አንቺ ፈርመሽ የምትጸጸቺበትን ነገር ይዘሽ እንዳትመጪ።»

ከውጭ ያለውን ተቀባይ በመድኃኒት ዘግተው ሙከራውን በሙሉ ደገሙት። የፈሩት ደረሰ። አብዛኛው ብርሃን ጠፋ፤ ያ ሁሉ የተደሰቱበት ውጤት ከመርፌው ጫፍ ያፈሰሰው ሆርሞን ሥራ ነበር። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ቀረ። ተቀባዩን ከውስጥም ሲዘጉት እሱም ጠፋ። ውስጥ ያለው ሆርሞን በእርግጥ ካልሲየሙን ያዛል፤ የሚያዘው ግን እንደታሰበው በኃይል ሳይሆን በትንሹ ነው። ዶክተር በየነች የጻፉት ይህን ትንሹን እውነት ነው። ጽሑፉ በትንሽ መጽሔት ወጣ፤ ብዙ ሰውም አላነበበው። በ2010 ዓ.ም. ተመርቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዚያ በተጨመረው ዓመት አባታቸው አቶ አዲሱ አርፈው ነበር። ሳይቀብሯቸው ቀሩ። ከአውሮፕላን ወርደው ሚዛን በደረሱ ማግስት ከእህታቸው ከሜሪ ጋር ወደ ጌጫ ሄዱ። አባታቸው ከእናታቸው አጠገብ ተቀብረዋል። ዶክተር በየነች መቃብሩ ላይ ተደፍተው ብዙ አለቀሱ። ሲረጋጉም ሜሪ፣ «ዓመቱን በመጨመርሽ ይቆጭሻል እትዬ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ይቆጨኛል» አሉ። «ድጋሚ ቢሆንም ግን ያንኑ ነው የማደርገው። ሁለቱም እውነት ነው።»

ከዚያም ወደ እናታቸው መቃብር ዞረው፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ተናግረው የማያውቁትን ነገር ተናገሩ። ሜሪ እናቷ ሳያዩዋት የሞቱ ይመስላት ነበር። ጠይቃም አታውቅም፤ የዚያ ቀን ነገር ሲነሳ እህቷ ፊታቸው ስለሚለወጥ ትፈራ ነበር።

«ታቅፋሽ ነበር እኮ» አሏት። «ጠዋቱን ሙሉ ታቅፋሽ ነበር። ጣቶችሽን እየዘረጋች ‹እዪያት በየኑ፣ እጇ የእኔን እጅ ነው የሚመስለው› አለችኝ። ራሷን ያመማት ከዚያ በኋላ ነው። ሲያማትም ‹ልጅቷን ያዢልኝ› ብላ በእጇ ነው የሰጠችኝ። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር የምፈራው መጨረሻውን ነበር፤ ለዚያ ነው ጠዋቱን ያልነገርኩሽ።» ሜሪ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ሆና እናት ያገኘችው በዚያ ቀን ነው።

ሚዛን ሲመለሱ ያን የመሰለ ማይክሮስኮፕ አልነበረም። ዶክተር በየነች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጠዋት ጠዋት የሥጋ ነጋዴው አቶ ሬድዋን ዘንድ ሄደው ትኩስ የበግ አንጀት ይወስዱ ነበር።

«ዶክተር፣ ሥጋውን ትተው ሁልጊዜ አንጀት ብቻ?»

«ለልጆቼ ነው።»

«ምነው፣ ልጆችዎ ሥጋ አይወዱም?»

በመጨረሻ አቶ ሬድዋን ነገሩ ስላልገባቸው አንድ ጠዋት ራሳቸው ዩኒቨርሲቲው ድረስ መጥተው አዩ። አንጀቱ ለብ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲኮማተርና ሲላላ አይተው፣ «ይህን እኮ አርጄዋለሁ!» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዶክተር በየነች ካልሲየም የሌለበት ውኃ ሲቀይሩለት ጸጥ አለ። ካልሲየሙን ሲመልሱለት እንደገና ተንቀሳቀሰ። የዚያን ዕለት አቶ ሬድዋን ከተማሪዎቹ ጋር ወንበር ይዘው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ትኩሱን አንጀት ለይተው የሚያስቀምጡት ራሳቸው ነበሩ።

በትምህርታቸው ማብቂያ ላይ ሁልጊዜ ስለ ወላድ እናቶች ያስተምሩ ነበር። ማግኒዥየም የተባለው መድኃኒት ካልሲየም የሚያልፍበትን መንገድ ስለሚይዝበት የጨበጠውን ደም ሥር እንደሚያላላ፣ አንጎልንም ከመንዘፍዘፍ እንደሚያሳርፍ እያስረዱ፣ የእናታቸውን ስም ሳይጠሩ የእናታቸውን ቀን ይነግሯቸዋል። በ2013 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪያቸው ትሁት በሸዋ ቤንች ጤና ጣቢያ ተመድባ ስትሠራ፣ የመጀመሪያዋ የምትንዘፈዘፍ ወላድ መጣችባት። ወዲያው ለዶክተር በየነች ደወለች።

«ዶክተር፣ ብቻዬን ነኝ። ልትሞትብኝ ነው።»

«ብቻሽን አይደለሽም፣ እኔ አለሁ። በጎኗ አስተኚያት። ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች።»

«ጎበዝ። አሁን ማግኒዥየሙን አውጪ። የምትለኪውን ጮክ ብለሽ ንገሪኝ፣ እኔ እሰማሻለሁ።»

መንዘፍዘፉ እስኪቆምና አምቡላንስ እስኪደርስ ስልኩን አልዘጉትም። ወላዷም ልጇም ተረፉ። ዶክተር በየነች ስልኩን ሲዘጉ አቶ ታምሩ አጠገባቸው ነበሩ። ዶክተር በየነች «እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?» ብለው በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ። በዚያ ዓመት ሐኪም ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው ሁሉ መድኃኒቱን እንዲይዝ፣ ነርሶችም ሳይፈሩ እንዲሰጡት ከሸዋ ቤንች እስከ ማሻ እየዞሩ አሠለጠኑ። ጭቃ መኪናቸውን ሲይዘው ወርደው ከሰዉ ጋር ይገፉ ነበር።

ለዓመታት አብሯቸው የኖረው የደም ግፊት ኩላሊታቸውን እንደጎዳው በ2015 ዓ.ም. ታወቀ። ሕመማቸውን ከማንም አልደበቁም። ለእጥበት ወደ ጅማ እየተመላለሱ ሳለ፣ ለእጥበቱ ሲባል በክንዳቸው በቀዶ ሕክምና የተገናኙትን ደም ሥሮች ተማሪዎቻቸው በየተራ እንዲዳስሱ ያደርጉ ነበር። «አትፍሩ፣ አያመኝም። የሚንዘረዘረው ይሰማችኋል? እሱ ደሙ ነው፤ ሲሮጥ ነው» ይሏቸዋል። አንዲት ተማሪ ክንዳቸውን እንደያዘች ስታለቅስባቸው በሌላው እጃቸው እንባዋን ጠርገው፣ «መጀመሪያ ቁጠሪ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ» ብለው አሳቋት።

በያዝነው ዓመት ሰውነታቸው ጉዞውን መቋቋም ሲያቅተው፣ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ተመካክረው ሚዛን በቤታቸው ማረፍን መረጡ። ማራናታ ከምትሠራበት ከአዲስ አበባ መጥታ ከጎናቸው ሳትለይ አስታመመቻቸው። ብሩህ ጠዋትና ማታ ይዘምርላቸው ነበር። ሜሪ ፀጉራቸውን ትሠራላቸው ነበር። አቶ ታምሩ እግራቸውን ሲያሹላቸው፣ «እጅህ ድኗል ማለት ነው» ብለው እንደቀለዱባቸው ሁላችንም ሰምተናል። መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ቤተሰባቸው በዙሪያቸው እንዳሉ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው በጸጥታ አረፉ።

ዶክተር በየነች የአንድ ባል ሚስት፣ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ታምሩ ገብሬ፣ ልጆቻቸው ማራናታና ብሩህ ታምሩ፣ እህታቸው ሜሪ አዲሱ፣ ያስተማሯቸውና በየቦታው ወላድ እየተቀበሉ ያሉ ብዙ ልጆቻቸውም ከኋላቸው ቀርተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁን፣ ከጌጫ፣ ከማሻ፣ ከቴፒና ከሸዋ ቤንች ጭቃውን አቋርጣችሁ ለመጣችሁ፣ ድንኳን ለተከላችሁና ለቀበራችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። በእጁ ያበጃቸው ጌታ በእጁ ይቀበላቸው፤ ድካማቸውን ያሳርፍ፤ እዚያ የሚጠብቋቸውን አባትና እናታቸውን ያሳያቸው። ለአቶ ታምሩና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥ።

ይህ ወረቀት ለክብራቸው «እሳቸው» እያልኩ እንድጽፍ አስገድዶኝ ነበር፤ በዕድሜዬ እንዲህ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። እትዬ፣ እማማ እኔን በእጇ ሰጥታሽ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይዘሽኝ ነበር። አሁን እጅሽን አሳርፊ። ደህና ሁኚልኝ።